በቅንጅት የመቆፈር አዋጅ

አዋጅ ቁጥር ….. (ቁጥሩ ጉድጓዱ ሲደፈን ይሞላል)

የአዲስ አበባን ዘላቂ የከተማ ልማት በጋራ ለማቀድ፣ በተናጠል ለመቆፈርና በየተራ ለማስመረቅ የወጣ የፌዝ አዋጅ

ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው አሰማ!

መግቢያ

ከተማችን በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ ብዙም ሳትቆይ ማገዶ አልቆባት ወደ አዲስ ዓለም ልትነሳ ስትል ባሕር ዛፍ ደርሶ ያስቀራት በመሆኑ፤ አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ በመቅረቱ፣ ጅምር ሥራ ለጽድቅ ሲውል ያየነው ያኔ ብቻ ስለሆነ፤

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና አብዛኛው ወጪው በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር የተሸፈነው የቀላል ባቡር ፕሮጀክት በ2009 ዓ.ም. ከሲ-40 የከተሞች ኅብረት ሲሸለም ጭብጨባው የጋራ እንደነበረ፣ ከ41ዱ ባቡሮች በርካታዎቹ መለዋወጫ አጥተው ሲቆሙ ግን ነገሩ «የሚመለከተው ክፍል» ጉዳይ ብቻ እንደሆነ በመረጋገጡ፤

ሪባን መቁረጥ የአንድ ጠዋት ሥራ፣ መጠገን ግን የዕድሜ ልክ ጣጣ መሆኑን በመገንዘብ፤

እኛ የከተማዋ ቆፋሪዎች፣ ፈራሚዎችና ሪባን ቆራጮች የሚከተለውን አውጀናል።

ክፍል አንድ
ጠቅላላ ድንጋጌዎች

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «በቅንጅት የመቆፈር አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ባይጠቀስም መቆፈሩ አይቀርም።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

ሀ) «ባለድርሻ አካል» ማለት ስብሰባ ላይ ስሙ ተጠርቶ አቤት የሚል፣ ጉድጓድ ላይ ስሙ ሲጠራ ግን መስክ የወጣ መሥሪያ ቤት ነው።

ለ) «ነዋሪ» ማለት ለመዋጮ የሚቀድም፣ ለምርቃት የሚጋበዝ፣ ለዲዛይን የሚረሳ ሰው ነው።

ሐ) «ጊዜያዊ ችግር» ማለት ችግሩ በተከሰተ ዕለት የተወለደ ሕፃን አንደኛ ክፍል እስኪገባ የሚቆይ ችግር ነው።

መ) «ዘላቂ» ማለት ከፕሮጀክቱ ኃላፊ የሥልጣን ዘመን የበለጠ ዕድሜ ያለው ማናቸውም ነገር ሲሆን ጉድጓድን ይጨምራል።

ክፍል ሁለት
ስለ አቆፋፈርና አደፋፈን

3. የኮብልስቶን መንገድ

የሰፈር ሰው ኮሚቴ መርጦ፣ ከየቤቱ ድርሻውን አዋጥቶ፣ ያላዋጣውን በሽማግሌ አስለምኖ ኮብልስቶን ሲያስነጥፍ ማንኛውም መሥሪያ ቤት አፉን ዘግቶ ይጠብቃል። ወጣቶቹ በመዶሻና በመሮ የተጠረበውን ድንጋይ በተወጠረ ሲባጎ ልክ ሲደረድሩ፣ ከሥሩ አሸዋ ሲደለድሉ፣ ውኃ ወደ ቦዩ እንዲወርድ መሐሉን ከፍ፣ ጠርዙን ዝቅ ሲያደርጉ የሚቆፍር ቢኖር ትዕግሥት የለሽ ተብሎ ይወቀሳል።

ቡናው ተፈልቶ፣ ፈንዲሻው ተበትኖ፣ የኮሚቴው ሊቀመንበር ንግግር ባደረጉ በሳምንቱ ግን የውኃው መሥሪያ ቤት ይገባል። ውኃው ሲወጣ የስልኩ፣ የስልኩ ሲወጣ የመብራቱ ይከተላል። ሦስቱ አንድ ቀን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ከተገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ይለያያሉ፤ ሥራ ማውራት አይፈቀድላቸውም።

ኮብልስቶን ያለ ሲሚንቶ አሸዋ ላይ የሚነጠፍ በመሆኑ ተነሥቶ እንደነበረው ሊመለስ ይችላል። ይህ መልካም ጠባዩ «ተነሥቶ ሊቀር ይችላል» ተብሎ ይተረጎማል። መልሶ የሚነጥፍ ሠራተኛ ሲባጎ አይወጥርም፤ አፈሩን አይጠቀጥቅም፤ ከተመለሰው መንገድ የተረፈውን ድንጋይ አጥር ሥር ከምሮ ይሄዳል። ከዚያው ጉድጓድ ለወጣ ድንጋይ እዚያው ጉድጓድ ላይ ቦታ እንዴት ጠፋ ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። ክረምት ሲገባ መንገዱ መሐል ላይ የሚሰምጠው ክፍል የዝናብ ውኃ ማቆሪያ ሆኖ ለአካባቢ ጥበቃ ሪፖርት ይላካል።

4. ክዳኑ የተሰረቀ ማንሆል

ክዳኑ የተሰረቀ ማንሆል ያገኘ ነዋሪ እንደ ልማዱ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ወይም አሮጌ ጎማ ይሰካበታል። ቅርንጫፉ በአረንጓዴ አሻራ እንደተተከለ ችግኝ ይመዘገባል። የጽድቀት መጠኑ አይጠየቅም። ማታ ቅርንጫፉን ሳያይ የገባ መንገደኛ በመስክ ጉብኝት ላይ እንደነበረ ይቆጠራል፤ አበል ግን አይከፈለውም።

5. እግረኛ

ባቡሩ በመሬት ላይ በሚያልፍበት አካባቢ ማዶ ካለው ዳቦ ቤት ዳቦ የሚገዛ ሰው በአጥሩ ጫፍ ዞሮ ይመጣል። ዙሩ ለጤና ይበጃል። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው «መንገድ ለሰው» አንዳንድ መንገዶች በወሩ የመጨረሻ እሑድ ለመኪና ተዘግተው ሕዝብ ስፖርት ሲሠራባቸው ቆይቷል። ጎዳናው የሰው እንደሆነ በወር አንድ ጠዋት መታወሱ በቂ ነው፤ በየቀኑ ቢታወስ አሽከርካሪ ቅር ይለዋል።

6. ወንዝ

በ2011 ዓ.ም. «ገበታ ለሸገር» በተባለው የእራት ግብዣ ላይ የአንድ ሰው መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ሆኖ ለ56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ልማት ገንዘብ መሰብሰቡ ይታወሳል። በዚህ አዋጅ መሠረት ወንዝ የሚለማው ዳርና ዳሩ ነው፤ መሐሉ የራሱ ጉዳይ ነው። የመጸዳጃ ቤቱን ፍሳሽ ወደ ወንዝ የለቀቀ ሰው መናፈሻ ገብቶ በወንዙ ሽታ ቢያማርር ቅሬታው ተቀባይነት አለው። ወንዙ የወረዳ ድንበር ሲሻገር የያዘው ቆሻሻ የተረካቢው ወረዳ ንብረት ይሆናል። ርክክቡ አቃቂ ላይ ሲያበቃ፣ በዚያው ውኃ የለማው ጎመንና ቆስጣ በጠዋት ተጭኖ ወደ ላኪዎቹ ማዕድ ይመለሳል። ይህም የክብ ኢኮኖሚ ተሞክሮ ተብሎ ይቀመራል።

ክፍል ሦስት
የተከለከሉ ተግባራት

7. በጥብቅ የተከለከሉ

የሚከተሉት የቅንጅት መንፈስን የሚጎዱ ስለሆኑ ተከልክለዋል፦

ሀ) ከመቆፈር በፊት ውኃው፣ ስልኩና መብራቱ አንድ ካርታ ዘርግተው መስመራቸውን መተያየት፤

ለ) ለሦስቱም አንድ ቦይ ቆፍሮ አንድ ጊዜ መድፈን። በኮሪደር ልማቱ መስመሮችን ከእግረኛ መንገዱ ጋር አብሮ መቅበር መጀመሩ አስደንጋጭ ምሳሌ ስለሆነ ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገዶች እንዳይዛመት ብርቱ ጥበቃ ይደረጋል፤

ሐ) የሰው አጥር ቀለም ከመቀባት በፊት ባለቤቱን ማነጋገር። የነዋሪ አስተያየት የሚሰበሰበው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ አስተያየቱ በሥራው ላይ ጉዳት አያደርስም፤

መ) ለልማት ተነሥቶ ራቅ ወዳለ ኮንዶሚኒየም ለሚሄድ ሰው ከምትክ ቤቱ ጋር ጎረቤቱንና ዕድሩንም አብሮ ማሰብ። ለቅሶ የሚደርስ ሰው በካሬ ሜትር ስለማይለካ የካሳ ቀመር አይመለከተውም፤

ሠ) ፕሮጀክት ሲፈረም የመለዋወጫና የጥገና በጀት አብሮ መፈረም። እንዲህ ያለ በጀት መያዝ ነገሩ ሊበላሽ ይችላል ብሎ ማሟረት ነው።

8. ቅጣት

ከላይ ከተዘረዘሩት አንዱን የፈጸመ ባለሙያ ተሞክሮውን እንዲያካፍል ወደ አውደ ጥናት ይላካል። ከዚያ ሲመለስ ቦታው ላይ ሌላ ሰው ተመድቦ ያገኛል።

ክፍል አራት
ልዩ ልዩ ድንጋጌዎች

9. ተፈጻሚነት የማይኖረው ደንብ

በየሰፈሩ ዕድር የታወቀ ደንብ አለ። ድንኳን የወሰደ ካስማውን ሳይቀር ቆጥሮ ይመልሳል። ሳህን የሰበረ ይተካል። ወንበር እግሩን አነቃንቆ ያመጣውን የዕቃ ኃላፊው መዝገቡን ገልጦ፣ የወሰደበትን ቀን አንብቦ፣ እዚያው አስፈርሞ ያስከፍለዋል። የተማረ ነው፣ ባለሥልጣን ነው፣ የቅርብ ዘመድ ነው ተብሎ የሚቀርለት የለም።

ይህ ደንብ የሰፈርን መንገድ ደህና ወስደው ጎርባጣ አድርገው በሚመልሱ መሥሪያ ቤቶች ላይ ተፈጻሚነት የለውም። ለማንም የከተማ ቆፋሪ መንገድን በቆጠራ ማስረከብና በቆጠራ መረከብ ክቡር ሥራውን ማጓተት ይሆናል። ስለዚህ ማንኛውም የዕድር ዕቃ ኃላፊ በግዥ፣ በርክክብም ሆነ በፕሮጀክት ክትትል ክፍል እንዳይቀጠር በዚህ አዋጅ ታግዷል።

10. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በየወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። ሰሌዳው ለልማት ከተነሣ የተነሣበት ጉድጓድ እንደ ሰሌዳ ያገለግላል። ነዋሪው በሚቀጥለው የመዋጮ ስብሰባ «መጀመሪያ የፊተኛውን ቆጥራችሁ መልሱ» ብሎ ኪሱን ከዘጋ ግን አዋጁ በዚያው ሰዓት ፈርሷል።