መጽሐፍን ከአንባቢ ስለ መጠበቅ

መጽሐፍ በአገራችን ጠላቱ ብዙ ነው። ምስጥ ይበላዋል፣ አይጥ ይቆረጥመዋል፣ ክረምት ያሻግተዋል፣ የወረቀት ዋጋ ደግሞ ገና ሳይወለድ ያጨናግፈዋል። ከሁሉም የከፋው ግን አንባቢ ነው። አንባቢ የሚሉት ፍጡር ገጽ ያጥፋል፤ ጣቱን በምራቅ እያራሰ ይገልጣል፤ በእስክሪብቶ ያሰምራል፤ ቡና ያንጠባጥባል፤ ይህ ሁሉ ሳይበቃው ሲጨርስ ለጓደኛው ያውሳል።

ይህን ጠላት ድል የነሡ ባልና ሚስት በዋግ ኽምራ ዋና ከተማ በሰቆጣ ይኖራሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ ብጠራው ምስጋናው የአንድ ቤት ብቻ ይሆናል። እነሱን የሚመስል ቤት ግን ከአምደወርቅ እስከ ባሕር ዳር፣ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ሞልቷል። ጋሼና እትዬ ብለን እንለፍ። ጋሼ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። እትዬ መምህርት ናቸው፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ክምችቱ የተጀመረው በአበል ነው። ጋሼ ለስልጠና ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ በተጠሩ ቁጥር ከአበላቸው ቀንሰው መጽሐፍ ይገዛሉ። እዚህ ላይ አልቀልድም፤ የሌላው ሰው አበል የት እንደሚያልቅ ስለምናውቅ የእሳቸው በወረቀት ማለቁ ያስከብራቸዋል። መጽሐፉ ከአራት ኪሎ ይገዛል፤ በካርቶን ይታሸጋል፤ አውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላይ ከፍራሽና ከጀሪካን ጋር ይታሰራል፤ ወልድያን አልፎ፣ ስንቱን ዳገት ወጥቶ ስንቱን ቁልቁለት ወርዶ ሰቆጣ ይገባል። በጥንቱ ዘመን ሲራራ ነጋዴ ከአፋር በረሃ አሞሌ ጨው ጭኖ ወደዚችው ከተማ ይመጣ ነበር። አሞሌው ግን ዕረፍት አልነበረውም፤ ገንዘብ ነውና ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ በመጨረሻ ወጥ ውስጥ ይገባል። የጋሼ መጽሐፍ እንዲህ ያለ እንግልት አይደርስበትም። ሰቆጣ ከደረሰ ደረሰ ነው።

ማረፊያው ብፌው ነው። ብፌው ድሮ የብርጭቆና የሸክላ ሳህን ነበር፤ መኻሉ ላይ የሠርጋቸው ፎቶ፣ ግራና ቀኙ የፕላስቲክ አበባ። መጀመሪያ «ፍቅር እስከ መቃብር» መጣና አንደኛውን አበባ አስወጣ። «ከአድማስ ባሻገር» ሁለተኛውን አስወጣ። «ዴርቶጋዳ»ና «እመጓ» ብርጭቆዎቹን ገፉ። ወፍራሙ የአዳም ረታ «የስንብት ቀለማት» የገባ ዕለት የሸክላ ሳህኖቹ በሙሉ ወደ ጓዳ ተሰደዱ፤ የሠርጉ ፎቶም ወደ ግድግዳ ወጣ። አሁን አናጢ ተጠርቶ ሁለተኛ ብፌ ተሠርቷል፤ ባለ መስታወት፣ ባለ ቁልፍ። ድርደራው በቁመትና በቀለም ነው። በዚህ ሥርዓት መሠረት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከኬክ አሠራር መመሪያ ጎን ቆመዋል፤ ሁለቱም አረንጓዴ ልባስ አላቸውና።

ቁልፉስ? ቁልፉ እትዬ አንገት ላይ ከማተባቸው ጋር ታስሯል።

ባልና ሚስቱ አያነቡም የሚል ሐሜት አለ። ሐሜት ነው። ጋሼ የጀርባ ሽፋን አንባቢ ናቸው፤ ሦስት ታዋቂ ሰዎች ስለ መጽሐፉ የሰጡትን አስተያየት ከነፎቷቸው ያውቃሉ፤ ዋጋውንም እንደዚያው። እትዬ ደግሞ የመታሰቢያነቱንና የምስጋናውን ገጽ አይዘሉም፤ የትኛው ደራሲ ለእናቱ፣ የትኛው ለሚስቱ እንዳበረከተ፣ የትኛው ሚስቱን ሳያመሰግን እንዳለፈ ጠይቋቸው። እንግዲህ አንዳቸው ከፊት፣ አንዳቸው ከኋላ ይዘውታል ማለት ነው። መኻሉን ለእግዚአብሔር ትተውታል።

በነሐሴ ሻደይ ሲደርስ፣ ልጃገረዶቹ ቄጠማቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ሲጨፍሩ፣ ከሩቅ የመጣ ዘመድ ቤት ይሞላል። ያኔ መስታወቱ ይወለወላል። እንግዳ ሁሉ ከፊቱ ቆሞ ፎቶ ይነሣል። አንዱ ደፋር «ጋሼ፣ ይኼኛው እንዴት ነው?» ካለ መልሱ የታወቀ ነው፤ «ትልቅ ሥራ ነው!» ልብ ወለዱም ትልቅ ሥራ ነው፤ መዝገበ ቃላቱም ትልቅ ሥራ ነው፤ የኬኩም መመሪያ ከተጠየቀ ትልቅ ሥራ ነው።

አንድ ክረምት ምስጥ ገብቶ ነበር። ጉዳቱ ሲመረመር ምስጡ አንዱን ልብ ወለድ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ዘልቆታል። በዚያ ቤት መጽሐፍ ጀምሮ የጨረሰ ፍጡር እሱ ብቻ ነው። ነጭ ጋዝ ተረጨበት።

ቀጥሎ የመጣችው አደጋ የጎረቤት ልጅ ናት፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ።

«እትዬ፣ ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን ያውሱኝ። በሳምንቱ እመልሳለሁ።»

«ለምንሽ ነው?»

«ላነበው።»

እትዬ ደነገጡ። «ልጄ፣ ፈተና ላይ ለማይመጣ ነገር ዓይንሽን ምን ያደክመዋል? ደግሞ የጋሼሽ ንብረት ነው፤ እሱን ጠይቂው።» ልጅቷ ጋሼን ጠየቀች። ጋሼ በአባትነት ፈገግ ብለው «እኔ ምን ችግር አለኝ የኔ ልጅ፤ ቁልፉ እሷ ዘንድ ነው» አሏት። ይህ የሥልጣን ክፍፍል ይባላል። ቢሮ ውስጥ ፋይል ሲያመላልስ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ካልሆነ በቀር እንዲህ አድርጎ አያሳካውም። ልጅቷ ባዶ እጇን ልትወጣ ስትል እትዬ ጠሯት፤ «ወንፊቱን ግን ለእናትሽ ይዘሽላት ሂጂ፤ ትናንት ጠይቃኝ ነበር።»

አያችሁ፣ ስስታሞች አይደሉም። ወንፊት ያውሳሉ፤ ሙቀጫ ከነዘነዘናው ያውሳሉ፤ መሰላል ያውሳሉ። የጋሼ ወንድም ገጠር ነው የሚኖረው፤ አንድ በሬ ያለው ገበሬ ስለሆነ ሌላ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ያርሳል። የዋግን መሬት ለሚያውቅ ይህ ቀላል እምነት አይደለም። በሬው ገደል ሊገባ ይችላል፤ ሊሰበር ይችላል፤ ሊሞት ይችላል። ቢሆንም ይሰጣል። መጽሐፍ ግን ሊነበብ ይችላል!

በዚህ ረገድ የጥንት ሰዎች በጣም ቸልተኞች ነበሩ። የብራና ጸሐፊ መጽሐፉን ሲፈጽም ውግዘት ያኖርበታል፤ ውግዘቱ ግን የሰረቀውንና የፋቀውን እንጂ ያነበበውን አይነካም። እንዲያውም ብሶ ለጻፈው፣ ላስጻፈው፣ ላነበበውና ለሰማው በአንድነት ምሕረት ይለምናል። ለሰማው ጭምር! ያላነበበ፣ ያልገዛ፣ ቆሞ ያዳመጠ ሰው ምሕረት ሲጠየቅለት ብፌ ያሠራ ሰው ምን ሊባል ነው? ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ያለውን የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ከዓለት የፈለፈሉትም እንዲሁ ናቸው፤ ያን ሁሉ ድንጋይ ቦርቡረው ሲያበቁ በር አበጁለት።

የእትዬን ጥበብ በወጉ የተረዱት እንግሊዞች ናቸው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ አፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደር አድባራትና ከሌላም ያሰባሰቧቸው ብራናዎች ከዘውዱና ከጽዋው ጋር ተዘረፉ። ዘረፋው ደላንታ ሜዳ ላይ ለጨረታ ቀረበ። ሪቻርድ ሆምስ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ከጦሩ ጋር አብሮ መጥቶ ነበርና ለሙዚየሙ የሚሆነውን ገዛ። ጭነቱን ለማመላለስ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ እንዳስፈለገ ይነገራል። የእኛው ዋግሹም ጎበዜ አባታቸውን ያስገደሉባቸውን ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣ ጦር ነው ብለው መንገድ አልዘጉበትም፤ ብዙም ሳይቆዩ ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ዝሆኑ ምን እንደ ጫነ የጠየቀ አልነበረም። ዙፋን ሲገኝ ስለ መጽሐፍ የሚጠይቅ ማን አለ?

ከእነዚያ ብራናዎች 350 ያህሉ ኋላ ብሪቲሽ ላይብረሪ ገቡ። 11 ታቦት ደግሞ በብሪቲሽ ሙዚየም መጋዘን ተዘግቶባቸዋል። ለጎብኚ አይታዩም፤ የሙዚየሙ ሠራተኞችም አያዩአቸውም። ከካህን በቀር ታቦት ማንም አያይም የሚለውን ሥርዓት ከእኛው ተምረው አክብረውልናል። ታቦቱ የማን ነው የሚለውን ግን አልተማሩትም፤ ለእሱ እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የሙዚየሙ ሕግ እንዳይመለስ ይከለክላል ይላሉ። አይታይም፣ አይነካም፣ አይመለስም፤ ከእትዬ ብፌ ጋር እህትማማች መጋዘን ነው። የሚያሳዝነው ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው፤ መንገዱን ሳተ። ከኢትዮጵያ ብራናዎቹ ብዙዎቹን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ በኢንተርኔት ለቀቃቸው። የተዘረፈው መጽሐፍ ተከፈተ፤ በአበል የተገዛው እንደ ተቆለፈ ነው።

ሌላው መጥፎ አርአያ ሪቻርድና ሪታ ፓንክረስት ናቸው። መጽሐፍ ያስተሳሰራቸው ባልና ሚስት ሲባል መጀመሪያ የሚጠሩት እነሱ ስለሆኑ ዝም ብዬ ላልፋቸው አልችልም። ሪታ እ.ኤ.አ. በ1956 ኢትዮጵያ ገብተው በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሠሩ፤ ኋላም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲን ቤተ መጻሕፍት መሩ። ሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲቋቋም መሥራች ዳይሬክተሩ ነበሩ። ያን ያህል መጽሐፍ በእጃቸው ገብቶ ምን አደረጉበት? ሰው አስገቡበት! ተማሪ፣ ተመራማሪ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያገላብጥ ሁሉ። ሪታ ይባስ ብለው የመቅደላውን ቤተ መጻሕፍት ዕጣ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1973 አሳተሙ፤ ሪቻርድ ደግሞ የተዘረፈው እንዲመለስ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ተሟገቱ። ሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ሪታ እ.ኤ.አ. በ2019 አረፉ። ማገላበጡ ግን አልቆመም።

መጽሐፍን ከአንባቢ ለመጠበቅ መንግሥትም አንድ ጊዜ ሞክሯል። በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ያ ሁሉ ካድሬና ያ ሁሉ ደኅንነት ተሰማርቶም መጽሐፉ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ተነበበ። ጋሼ ግን ያለ ካድሬ፣ ያለ መመሪያ፣ በአንዲት የቻይና ቁልፍ «ኦሮማይ»ን ከጎረቤቶቻቸው ሙሉ በሙሉ ሰብስበውታል። ደርግ እሳቸውን ቢያገኝ ስንት ወጪ ይቆጥብ ነበር።

ስለ ወጋየሁ ንጋቱ ባላነሣ እመርጣለሁ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ እየተረከ፣ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ስለ ሰብለ ወንጌል እንዲያለቅስ አደረገ። አንድ መጽሐፍ ለአንድ አገር! ብክነት ነው።

የሰቆጣን ስም ውጭ አገር ድረስ ያደረሰው በ2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው፤ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት። ጥሩ ነው፤ ቁመት ይለካል፣ ክብደት ይመዘናል። ሕፃኑ ከዚያ አድጎ ትምህርት ቤት ሲገባ በኽምጣኛና በአማርኛ ፊደል ይቆጥራል። ፊደሉን ከለየ በኋላ ምን እንደሚያነብ የሚመዝን ሚዛን ስለሌለ እዚያ ላይ ቢቀነጭር ሪፖርት ውስጥ አይገባም። የሰሜኑ ጦርነት የብዙ ትምህርት ቤቶችን መማሪያ መጽሐፍ በጨረሰበት አገር ሙሉ መጽሐፍ ያለበት ብፌ መኖሩ ራሱ ሊያጽናናው ይገባል። በመስታወት ይታይ የለ!

እኔን የሚያሳስበኝ የወደፊቱ ነው። ጋሼና እትዬም ሟች ናቸው፤ ዕድሜ ይስጣቸውና። ልጆቻቸው ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ናቸው። ለተዝካር ይመጣሉ፤ ቤቱን ያከራያሉ፤ ተከራዩ ለአልጋው ቦታ ይፈልጋል፤ ብፌው ይሸጣል፤ በውስጡ ያለው ወረቀት በኪሎ ተመዝኖ ለባለ ሱቅ ይሰጣል። ባለ ሱቁ እየገነጠለ ቆሎና በርበሬ ይጠቀልልበታል። ያን ሁሉ ዘመን የተጠበቀው መጽሐፍ በአንድ ክረምት ሰቆጣን ቤት ለቤት ያዳርሳታል። ቆሎ የገዛ ልጅ ደግሞ ቆሎውን ሲጨርስ ወረቀቱን ዘርግቶ የማያይ እንዳይመስላችሁ፤ ቀጣዩን ገጽ ፍለጋ ተመልሶ ሊመጣም ይችላል።

ስለዚህ ብፌ ያላችሁ ሁሉ ከአሁኑ ተጠንቀቁ። ኑዛዜያችሁ ላይ ቁልፉን በስም አስመዝግቡ። የጎረቤት ልጅ መጥቶ መጽሐፍ አውሱኝ ቢላችሁ ወንፊት ስጡት። መጽሐፉን ከሰጣችሁት ያነበዋል።