ዓሣ የሌለው አኳሪየም

የጨው አልባ ውኃ አኳሪየም በሦስት ነገር ይቆማል፤ በተክል፣ በታች ንጣፍና በዓሣ። ከሆለታ እስከ ባኮ በተዘረጋው መንገድ ዳር ባሉት ከተሞች ግን ሦስተኛው ተቀንሶ ይሠራበታል። ቅነሳው ከድህነት የመጣ እንዳይመስላችሁ። ዓሣ ቀለብ ይፈልጋል፣ አየር ይፈልጋል፣ በመጨረሻም ይሞታል፤ ሲሞት ደግሞ ስንት ብር እንደተገዛ የሚጠይቅ አይጠፋም። ዓሣውን ያስቀረ ቤት አየር መንፊያውን፣ ማጣሪያውንና ሐዘኑን አብሮ አስቀርቷል። የተረፈው ባዶ ጠርሙስ፣ እስከ አንገቱ የደረሰ ውኃ፣ ከአንገቱ ወጥቶ በምስማርና በሲባጎ እየተደገፈ የአያትን ፎቶግራፍ ዞሮ ወደ መጋረጃው ያቀና አረንጓዴ ሐረግ ነው። በክሊኒክ ካርድ ክፍል፣ በፀጉር ቤት፣ በካፌ ካሸር ጎን፣ በሳሎን ቡፌ ላይ ይገኛል። ይህ ጥናት የሚመለከተው እሱን ነው።

በተክል ረገድ ሦስት ወገኖች አሉ። ብዙውን ጠርሙስ የያዘው ቅጠሉ የልብ ቅርጽ ያለው፣ ቢጫ የተረጨበት ሐረግ ነው። የትውልድ አገሩ በደቡብ ፓስፊክ የምትገኘው የሞሬአ ደሴት ናት። ከዚያ ተነሥቶ ጌዶ ድረስ የመጣበትን መንገድ ለመረዳት የመርከብ መዝገብ ማገላበጥ አያሻም፤ አንዱ ቆርጦ ሰጠ፣ የተቀበለውም ቆርጦ ሰጠ። ለዚህ ተክል ገንዘብ የከፈለ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። በየአንጓው የሥር ጉጥ ይዞ ስለሚጓዝ ውኃ ካገኘ ሥር ለመጣል ብዙ አያስለምንም። ባሕር ማዶ ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች ሥሩን ወደ ገንዳቸው የሚነክሩት ከዓሣው ኩስ የሚመጣውን ናይትሬት ስለሚመጥላቸው ነው። የእኛው ኩስ የሚያቀርብለት የለም፤ በቧንቧ ውኃ ውስጥ ባለችው ጥቂት ማዕድን ወር ከወር ይደርሳል። የመንግሥት ደመወዝተኞች ጠረጴዛ ላይ እንዲህ የተመቸው ስለሚግባቡ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው «የቻይና ቀርከሃ» የሚባለው ነው። ቀርከሃ አይደለም፤ ቻይናዊም አይደለም። ዘሩ የካሜሩንና የአካባቢው ነው። አፍሪካ ውስጥ ተወልዶ፣ እስያ ውስጥ ተጠምዝዞ፣ በቀይ ክር ታስሮ ይመለሳል። ጥቁር እንጪኒ ደጋ ላይ እውነተኛው ቀርከሃ አጥር ሆኖ ዝናብ ሲመታው ይህኛው ቡፌ ላይ ከብርጭቆዎቹ አጠገብ ይቀመጣል። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልልም።

ሦስተኛው የፕላስቲክ አበባ ነው፤ ጥናቱ መቆየት ያለበትም እዚህ ላይ ነው።

የፕላስቲክ አበባ በተፈጥሮው እንክብካቤ የማይፈልግ ብቸኛው ተክል ነው። ሆኖም በቤቱ ውስጥ እንደ እሱ የሚንከባከቡት የለም። ንኡስ ወገኖቹ አራት ናቸው፦ ላስቲኩ ያልተነሣለት፤ ቅጠሉ ላይ የሙጫ ጤዛ የተንጠባጠበበት፤ ፀሐይ በልቶት ከቀይ ወደ ሮዝ፣ ከሮዝ ወደ ማይታወቅ የተሸጋገረ፤ የዋጋ ወረቀቱ እስካሁን ግንዱ ላይ ያለ። አንዱ አበባ በአራቱም ሊመደብ ስለሚችል ክፍፍሉ ብዙ አይጠቅምም፤ ግን ተከፋፍሏል።

ሊቃውንትን ያከራከረው ጥያቄ የፕላስቲክ አበባ ውኃ ውስጥ ለምን ይቆማል የሚለው ነው። አንደኛው ወገን ጠርሙሱ በንፋስ እንዳይወድቅ ለክብደት ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን እንግዳ እውነተኛ መስሎት እንዲያደንቅ ነው ይላል። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም፤ አበባ ውኃ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ አለቀ። ውኃው በሙቀትና በንፋስ ተንኖ ሲጎድል ደግሞ ጉዳዩ ከሳይንስ ወደ እምነት ይሻገራል።

«አዴ፣ የአበባው ውኃ አልቋል» ትላለች ካሸሯ።

«ሰኞ ሞልቼለት ነበር እኮ፣ ልጄ» ይላሉ የጽዳት ሠራተኛዋ።

«ታዲያ ጠጥቶት ነዋ!»

አዴም ይሞሉለታል።

በበዓል ዋዜማ የሚካሄደው እጥበት ራሱን የቻለ ሥርዓት ነው። አበባው ከጠርሙሱ ይወጣል፤ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ ይቀርባል፤ ኦሞ ይበተናል፤ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ይፈለጋል። እያንዳንዱ ቅጠል ፊትና ጀርባው ይታሻል። ሲያበቃ ራሱ ወደ ታች ሆኖ ገመድ ላይ ይሰጣል፤ ቀለሙ እንዳይለቅ ጥላ ውስጥ። ልጆች ሁለት ጊዜ ይነገራቸዋል፤ አንዴ እንዳይነኩት፣ አንዴ ለምን እንደነኩት። ከዚያ ተመልሶ ሲሰካ ረጅሙ ከመካከል ይሁን ከኋላ በሚለው ላይ እናትና ልጅ እስኪመሽ ይከራከራሉ። ሕያው ሐረግ ይህን ሁሉ ከግድግዳው ላይ ሆኖ ያያል። ያለፈው ዓመት አቧራ ቅጠሉ ላይ እንዳለ ነው፤ ያም ሆኖ አዲስ ቅጠል ያወጣል።

እምቦጭ ከዚህ ምድብ ተሰርዟል። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በአበባው ውበት ዓለምን የዞረው ይህ ተክል በ1965 (እ.ኤ.አ.) ቆቃ ላይ ታይቷል። የቆቃን ግድብ የሚሞላው አዋሽ የሚነሣው ደግሞ ከጊንጪ አካባቢ ነው። ወንዙ ከእኛ ወደዚያ ስለሚወርድ እምቦጩ ሽቅብ አልደረሰብንም፤ ቁልቁል ላለው ጎረቤት ሲባል ግን የላይኞቹ ጠርሙሳቸው ውስጥ ምን እንዳለ ቢያውቁ መልካም ነው።

ወደ ውኃው እንለፍ። አምቦ የደረሰ እንግዳ ሁሉ «በአምቦ ውኃ ለምን አታበቅሉትም?» ማለቱ አይቀርም። ሐሳቡ ሲሰሙት ብልህ ነው። ከ1930 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እየታሸገ የሚሸጠው ውኃ ጋዙን ከመሬት ይዞ ይወጣል፤ ውጭ አገር ያሉት የአኳሪየም ወዳጆች ደግሞ ውኃ ውስጥ ለሰመጡ ተክሎች ያንኑ ጋዝ በሲሊንደር ይገዛሉ። ነገር ግን የእኛ ሐረግ ቅጠሉ ያለው አየር ላይ ስለሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የሚወስደው ከአየር ነው። ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላ ጋዙ ይሄዳል፤ ሥሩ የማይወደው ሶዳ ይቀራል፤ ጠርሙሱ ላይም ነጭ ቀለበት ያትማል። ፍርዱ፦ የአምቦ ውኃ ለቁርጥ ሥጋ፣ ጠርሙሱ ለሐረግ። የተሻለው ጠርሙስ ግን የጉደር ወይን ነው፤ ጠቆር ስለሚል ብርሃን አያሳልፍም፣ ብርሃን ያጣ አልጌም አይበቅልም። ወይኑ የሚዘጋጀው አዲስ አበባ ነው፤ ባዶው ጠርሙስ ግን ስሙን ወደ ሰጠው አገር ተመልሶ ሥራ ይጀምራል።

ንጣፍን በተመለከተ ሐረጉ ራሱ ምንም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ተመልካቹ ነው። የሁሉቃ ወንዝ አሸዋ ውኃው እስኪጠራ ደጋግሞ ከታጠበ ጨዋ ነው። ከግንበኞች እጅ የወደቀ የአምቦ ድንጋይ ፍንካች ከዚያም ይሻላል፤ በነጻ ይገኛል፣ ቀለሙም ያምራል፣ ግድግዳ የማስጌጥ ልምድም አለው። ከአሸዋው ሥር ጥቂት አፈር ይኑር የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ምክራቸው የጊንጪን ዋልካ አያውቅም። ተመራማሪዎች ውኃን ከዋልካ እንዴት እናውጣ ብለው በደከሙበት ቦታ ዋልካን አንሥቶ ወደ ውኃ መክተት ጨዋነት የጎደለው ነው። ያብጣል፣ ይሟሟል፣ ጠርሙሱን የቡና አተላ ያስመስለዋል።

ብይ ውብ ንጣፍ ነው፤ ባለቤትነቱ ግን የልጆች ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የውኃው ከፍታ ሳይታሰብ ዝቅ ካለ ትነት አይደለም። ቆርኪም የሚያስገቡ አሉ፤ ይዝግና ውኃውን ሻይ ያደርገዋል። «ብረት ለተክል ይጠቅማል» የሚሉ ይኖራሉ፤ ይጠቅማል፣ ዝገት ሆኖ ሲመጣ ግን ሥር እንደልቡ አይወስደውም።

የጠርሙሱ ረጅም ዕድሜ ምሥጢር እስካሁን የተዘረዘረው አንዱም አይደለም። ኃላፊ ስላልተመደበለት ነው። ሁሉም ሲያልፍ የተረፈ የመጠጥ ውኃውን ያፈስስለታል፤ ማንም ሪፖርት አይጽፍበትም። አዲስ የተመደበ ትጉህ ሰው መጥቶ «ይህን እኔ ልያዘው» ያለ ዕለት ነገር ይበላሻል። ወደ መስኮቱ ፀሐይ ያወጣዋል። ሥሩን አውጥቶ በሳሙና ያጥበዋል። ከዚያ ከማዳበሪያ ጆንያ አንድ ቁንጥር ዩሪያ ይጨምራል፤ ለሄክታር የታሰበ ነገር በአንድ ጠርሙስ። ቅጠሉ ዳር ዳሩ ሲያር ደግሞ ሌላ ቁንጥር ይጨምራል። ትጉሁ ሰው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሮ ሲሄድ ከደረቀው መካከል አንዲት አንጓ ተርፋ እንደገና ስታቆጠቁጥ አይቻለሁ።

አራተኛው ምዕራፍ ስለ አቀማመጥ ነበር፤ ሁሉም ቴሌቪዥኑ አጠገብ ስለሆኑ ቀርቷል።

ከሰው ቤት ቁራጭ ለምትወስዱ አንድ ማሳሰቢያ፦ ቅጠሉን ብቻ ቀንጥሳችሁ ኪሳችሁ አትክተቱ። ቅጠል ብቻውን ውኃ ውስጥ ሥር ሊያወጣ ይችላል፤ ሐረግ ግን አይሆንም። ከአንጓው በታች ቁረጡ፤ መቀስ ከሌለ ምላጭ ይበቃል።