አምስት ነዋሪ፣ አንድ ጋቢ

ተረት ተረት።
የላም በረት።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ዙሪያው ገደል በሆነ አምባ ላይ አንድ ቤት ነበረ። ቤቱ ያለው አንድ በር፣ አንድ ምድጃና አንድ ጋቢ ብቻ ነው፤ ነዋሪዎቹ ግን አምስት ነበሩ። ወደ ደጅ የሚወጣው ጋቢውን የደረበው ብቻ ስለነበረ መንደርተኛው አምስቱን አንድ ላይ አይቶ አያውቅም። ጋቢውን ያየ ሁሉ «ባለጋቢዋ፣ እንደምን አደርሽ?» ይላል፤ ከጋቢው ሥር ማን እንዳለ የጠየቀ የለም።

አንደኛዋ ታታሪት ትባላለች። ገበያ ትወርዳለች፣ አጨዳ ትውላለች፣ የእድሩን መዋጮ ትከፍላለች። ሁለተኛዋ እሺታ ናት፤ ለለመናት ሁሉ አንገቷን ትደፋለች። ሦስተኛው ቱግ ነው፤ ዱላው ከእጁ አይለይም። አራተኛዋ ከምድጃው ጥግ የማትነሳ ሕፃን ናት። አምስተኛው ጥሩምባውን ታቅፎ ደፉ ላይ የሚያድረው ዘበኛ ነው። ከጓዳው በስተኋላ ደግሞ አምስቱም የማይገቡበት የተዘጋ ክፍል አለ።

በክፍሎቹ መካከል ያለው ግድግዳ ወፍራም ስለነበረ አንዱ የዋለበትን ሌላው አያውቅም። ታታሪት ጠዋት ተነስታ ጋቢው በጭቃ ተለውሶ ታገኘዋለች። ገበያ ስትወርድ አንዱ ይኮሳተርባታል፤ ሌላው ደግሞ «ትናንት በሬዬን ላውስህ ብለሽኝ አልነበር?» ይላታል። እሷ ሁለቱንም አታስታውስም። ማስታወስ አለመቻሏን ላለማሳወቅ ትስቃለች፤ ሆዷ ግን ይባባል።

ከሁሉ የከፋው ጥሩምባው ነበር። በር ሲንቋቋ ዘበኛው ይነፋል። ጎረቤት ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ይነፋል። ነፋስ የአረቄ ሽታ ይዞ ሲመጣማ ትንፋሹ እስኪቆረጥ ይነፋል። ያን ጊዜ ታታሪት እጇ ተንቀጥቅጦ ሊጡን ትደፋለች፤ ሕፃኗ ትጮኻለች፤ ቱግ ዱላውን ይዞ ይነሳል፤ እሺታ ጋቢውን ነጥቃ ትወጣና ያገኘችውን ሁሉ ላላጠፋችው ጥፋት ይቅርታ ትጠይቃለች።

መላ ያሉትን ሁሉ ሞከሩ። ጆሯቸውን በጥጥ ቢደፍኑ ዘበኛው አልሰሙኝም ብሎ አብልጦ ነፋ። አረቄ ቢያጠጡት አንድ ሌሊት ተኛ፤ ተኝቶ በማደሩ ደንግጦ በማግስቱ እጥፍ አድርጎ ነፋ። እጁን ቢያስሩት ደግሞ፣ በሩን የሚጠብቅ የለምና፣ አምስቱም ዓይናቸውን ሳይከድኑ አነጉት።

ነገሩ መንደር ደረሰ። ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አንደኛው «በዚህ ቤት የሰፈረ ነገር አለ» ብለው በርበሬ አጠኑ፤ ቤቱ በሳል ታፈነ። ሁለተኛው «እውነተኛዋ አንዷ ብቻ ናት፤ እሷ ትቅርና ሌሎቹ ይባረሩ» ብለው ፈረዱ፤ አምስቱም «እውነተኛዋ እኔ ነኝ» ሲባባሉ መሸ። ሦስተኛው ቸኳይ ነበሩ። «መድኃኒቱ ያለው ከተዘጋው ክፍል ነው» ብለው በሩን በምሳር መቱት። በሩ ተሰንጥቆ ከውስጡ የወጣው ነገር ምድጃውን አጠፋው። ሰባት ቀን ሙሉ ከቤቱ ጭስ አልወጣም፤ ጋቢውን ለመደረብ አቅም ያገኘም አልነበረም።

በስምንተኛው ቀን አንዲት አሮጊት ሸክላ ሠሪ ታታሪት ያዘዘችውን ጀበና ይዘው መጡ። መንደሩ ጀበናቸውን ይገዛል፤ ከእሳቸው ጋር ግን ቡና አይጠጣም፣ ዓይናቸውንም ይፈራል። የሰው ዓይን ምን እንደሚያደርግ ያውቁ ነበርና አልቸኮሉም። ደፉ ላይ ከዘበኛው አጠገብ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ማን መጣ ብለህ ነው የምትነፋው?»

«ጅቡ፣ እማማ።»

«ጅቡ በሩን ሰብሮ ነበር የገባው?»

ዘበኛው ጥሩምባውን አጥብቆ ያዘ። «ምን ይሰብራል፣ እማማ? ቁልፉን የያዘው ሰው ራሱ ነው ጅቡ። ደግሞ አንድ ሌሊት ብቻ አይደለም።»

ያን ጊዜ ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ነበረ፤ በውስጡም አንዲት ልጅ። ልጅቱ መሸሽ አልቻለችም፤ መቻልም አልቻለችም። ስለዚህ ግድግዳ ሠራች። ሌሊቱን ከአንዱ ክፍል ቆለፈችበት፣ ቁጣዋን ለአንዱ ሰጠች፣ ልቅሶዋን ለአንዱ፣ እሺታዋን ለአንዱ፤ የነገውን ሥራ ደግሞ ምንም ለማታውቀው ለታታሪት ተወችላት። ሰው እብደት የሚለው ያ ግድግዳ ነው እስከ ዛሬ ያኖራት።

«ለመሆኑ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አሉት እማማ።

«ያቺው ሌሊት ናት።»

እጁን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱት። «ይህን ባሕር ዛፍ ማን ተከለው?»

«ልጅቱ ናት። ከጉልበቷ አያልፍም ነበር።»

«አሁንስ?»

ዘበኛው ቀና አለ። ጫፉ ከጣራው በላይ ርቆ ሄዷል። ግንዱን ዳሰሰው፤ ቅጠሉን አሸተተው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥሩምባውን ከማንሳቱ በፊት እግሩን መሬት ላይ ረግጦ ዛፉን ያያል፣ ይዳስሳል፣ ያሸታል። አንዳንድ ቀን እንዲያም ሆኖ ይነፋል። ታታሪት ግን ጆሮዋን መድፈን ትታ «ሰምተናል፤ ማን እንደሆነ አይተን እንነግርሃለን» ትለዋለች። መልስ ያገኘ ዘበኛ ደግሞ እስኪነጋ አይነፋም።

እማማ ሁለተኛ መላ ሰጡ፦ ጋቢውን ደርቦ የወጣ ሁሉ ሲመለስ የት እንደዋለ፣ ለማን ምን ቃል እንደገባ በምድጃው ግድግዳ ላይ በከሰል ይጻፍ። መጀመሪያ የጻፈው ቱግ ነው፦ «ነጋዴውን የሰደብኩት እኔ ነኝ። ሚዛን ሰርቆ ነው፤ ማንም ይቅርታ እንዳይጠይቅ።» በማግስቱ ከሥሩ የእሺታ ጽሑፍ ተገኘ፦ «እኔ ጠይቄያለሁ።» ሕፃኗ መጻፍ ስለማትችል አምስት ሰዎች በአንድ ጋቢ ሥር ሣለች። ታታሪት ያን ስታይ ነው አምስቱም የአንድ ጋቢ ሰዎች መሆናቸው የገባት።

ቀስ በቀስ ሕግ ወጣ። ሕፃኗ ገበያ አትላክም። እሺታ ቃል ከመግባቷ በፊት ቱግን ታማክራለች፤ ቱግም ዱላውን ትቶ «አይሆንም» ማለትን ተማረ።

«የተዘጋው ክፍልስ?» አሉ አምስቱ።

«መጀመሪያ ጣራው አያፍስስ፣ እህል ጎተራ ይግባ፣ እርስ በርስ ተማመኑ። ከዚያ አምስታችሁም ስትስማሙ፣ በቀን ብርሃን፣ ጥቂት በጥቂት» አሉ እማማ።

መንደሩ ግን አልረካም። ባለጋቢዋን ከዋርካው ሥር ጠርተው «ስንት ነሽ? ከአንድ በላይ ከሆንሽ ከእድሩ እንፍቅሻለን» አሏት። ታታሪት ቃሉን፣ ቱግ ድፍረቱን አዋጡና በአንድ አፍ ተናገሩ፦

«አባቶቼ፣ በሬ የተሰረቀ ዓመት አውጫጭኝ ተቀምጣችኋል። ሌባው እስኪታወቅ አገር ምድሩ ሜዳ ላይ ውሎ አደረ፤ ወደ ቤቱ የተመለሰ አልነበረም። እዚህ ቤት ልጅ ስትጮኽ የሰማችሁ ሌሊት ግን ‹የሰው ገመና ነው› ብላችሁ ተኛችሁ። እኔ ስንት እንደሆንኩ ቈጥሬ እነግራችኋለሁ። እናንተስ? ሌሊት የሰማውና ጠዋት ከጅቡ ጋር ቡና የጠጣው አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት?»

ገሚሱ ተቈጥቶ ሄደ፤ ገሚሱ እርስ በርስ ተጨቃጨቀ። ከእድሩ የፋቃት ግን የለም።

ፍቺው እነሆ። በአንድ ሰው ውስጥ ብዙ ማንነቶች የሚፈራረቁበትን ይህን ሕመም የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በ1980 እ.ኤ.አ. «ብዙ ስብዕና» ብለው በመመሪያቸው አስፍረውት ነበር፤ በ1994 እ.ኤ.አ. ስሙን ለወጡት፤ የተነጣጠለው የአንድ ሰው ማንነት ነውና። ብዙ ሰው ከስኪዞፍሬንያ ጋር ያምታታዋል፤ ሌላ ሕመም ነው። ከጀርባው ብዙውን ጊዜ በልጅነት የተደጋገመ በደል አለ። ሐኪሞቹም እንደ እማማ ቅድሚያ የሚሰጡት ለመረጋጋት ነው፤ የቀድሞው ሰቆቃ የሚነሳው ከዚያ በኋላ፣ ማንነቶቹን ማቀራረብም በስተመጨረሻ ነው። አንዱን ማንነት ማሳደድን ግን አይመክሩም።

ጅብ የገባበትን ቤት «ለምን አንድ አልሆንክም?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። አውጫጭኙ መጀመር ያለበት ግን ጩኸቱን ሰምቶ ከተኛው ነው።