ለፍርሃትም መነጽር ወጣለት!

ኧረ አቦ፣ እናንተ የዕድሜ እኩዮቼ፣ ከእንግዲህ ምን ያላየነው ጉድ ቀረ? ጋሪው ሄዶ ባጃጅ መጣ። ባቡሩ ደጉን የድሮ ጣቢያውን ጥሎ ከከተማ ውጭ ሌላ ጣቢያ አበጀ። ሰዉ ቡና እየጠጣ ጎረቤቱን ትቶ ስልኩን ያጫውታል። ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ አሁን ደግሞ ፍርሃት በመነጽር ይታከማል አሉን!

የነገረኝ የልጅ ልጄ ነው፤ በረሮ ባየ ቁጥር አልጋ ላይ የሚወጣው። የዛሬ ልጅ! እኔ በረሮ ሳይ ምን አደርጋለሁ? ምንም! ባለቤቴን እጠራለሁ፣ እሷ በጫማ ትገድለዋለች፣ አለቀ።

መድኃኒቱን «ቨርቹዋል ሪያሊቲ» ይሉታል። የጋሪ ፈረስ ዓይን መከለያ የመሰለ ጥቁር ነገር ፊታችሁ ላይ ይታሰራል። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ሳለ ሰገነት ጫፍ ላይ የቆማችሁ ይመስላችኋል። መጀመሪያ ከዝቅተኛው ነው። ልብ ድው ድው ይላል፣ መዳፍ ያልባል፣ ጉልበት ይከዳል። ሳትሸሹ ከቆያችሁ ግን ልባችሁ ቀስ በቀስ ይረጋል፤ ያን ጊዜ ከፍ ወዳለው ያወጧችኋል። «አባባ፣ ፍርሃትን የሚያሳድገው ሽሽት ነው፤ እዚያው ሲቆዩ አእምሮ የፈራው ነገር እንደማይደርስ ይማራል» አለኝ ልጁ። እስቲ ማን ይሙት፣ ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር ያስፈልጋል?

እ.ኤ.አ. በ1995 ባርባራ ሮትባም የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ከፍታ የሚፈሩ ተማሪዎችን በኮምፒውተር ድልድይ አሻገሩ፣ በኮምፒውተር የመስታወት አሳንሰር አወጡ። ከተማሪዎቹም አንዳንዶቹ ማንም ሳያዛቸው እውነተኛ ከፍታ ላይ ወጡ። እሺ፣ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ግን ባሰ። ከፍታ የሚፈሩ 100 ሰዎችን ለሁለት ከፈሉ። መነጽር የደረሳቸውን የሚመራቸው ሐኪም እንኳ የለም፤ መነጽሩ ውስጥ ያለ ምስል ነው የሚያናግራቸው። ዛፍ ላይ የቀረች ድመት ያወርዳሉ፤ በዓሣ ነባሪ ጀርባ ተቀምጠው ይበራሉ! በሁለት ሳምንት ገደማ ፍርሃታቸው በአማካይ በ68 በመቶ ቀነሰ ተባለ። ይቀንሳላ! በዓሣ ነባሪ የበረረ ሰው ከዚያ ወዲያ ምን ይፈራል?

በእኛ ጊዜ ፍርሃት የሚባል ነገር አልነበረም። ጅብ እንኳ አንፈራም። ለዚህም ነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁላችንም ቤት ገብተን በሩን በሁለት መቀርቀሪያ የምንዘጋው። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲገባ አያቴ ጩኸቱን ሰምተው ተራራ ወጡ፤ ሰንብተው፣ ጋብ ሲል፣ በክብር ወረዱ። ያለ ሐኪም! ያለ መነጽር!

ማጋፈጥ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ሐረር አለችላችሁ አይደል? ማታ ከጀጎል ግንብ ውጭ ጅብ ይቀለባል። እንግዳው መጀመሪያ ከሩቅ ያያል። ቀጥሎ ሥጋው በእንጨት ጫፍ ተንጠልጥሎ በእጁ ይሰጠዋል። ድፍረቱ ሲመጣ እንጨቱን በጥርሱ ይነክሳል፤ የጅቡ ትንፋሽ ጉንጩን እያሞቀው ሥጋው ከአፉ ስር ይነጠቃል። ደረጃ በደረጃ፣ ልክ እንደ ሐኪሞቹ፣ ግን በእውነተኛው ጅብ! እኔም በዓይኔ አይቻለሁ፤ መኪና ውስጥ ሆኜ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ ብርድ ስለነበር። ወደ ሐረር ስንሄድም በደንገጎ ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ከገደሉ በተቃራኒው ወገን ነው የምቀመጠው። ዓይኔን የምጨፍነው እንቅልፍ ስለሚወስደኝ ነው።

ደግሞስ ሁሉ ፍርሃት በሽታ ነው እንዴ? በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያደረገውን ያየ የድሬ ሰው፣ ሌሊት ዝናብ ሲከብድ ተነስቶ ቢቀመጥ ማን ይፈርድበታል? እሱን ማንም መነጽር እንዳይነካብን። በረሮና አሳንሰር ሌላ ነገር ነው። ልጁም «ሐኪም የሚያክመው ከአደጋው የበለጠውን፣ ሰውን ከሥራ ከኑሮ የሚያስቀረውን ፍርሃት ነው» ብሎኛል፤ እኔ ቀድሜ አውቀው ነበር።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ዘመኑ ተበላሽቷል፣ የሰው ወኔ ከመነጽር የሚለመንበት ዘመን ሆኗል። ይህ ዕቃ ወደ ድሬ መምጣቱ ካልቀረ ግን፣ የሚመለከታችሁ ሁሉ፣ አደራ በምድር፣ ምድር ቤት አድርጉት። መጥቼ ጉዳችሁን አይላችኋለሁ፣ ለማየት ብቻ። ሦስተኛ ፎቅ ካደረጋችሁት ግን አትጠብቁኝ፤ እኔና አሳንሰር አንስማማም።