ስለ ቦቢ ወንድነት የተቀመጠ ሸንጎ

አዲስ አበባ ውስጥ አባቱ የኤምባሲ ውሻ ያልሆነ ቅልቅል ፈልጋችሁ አታገኙም። ቡችላ ሲሸጥም ሆነ በነፃ ሲሰጥ “እናቱ የሐበሻ ናት፣ አባቱ ግን የኤምባሲ ነው” ይባላል። ኤምባሲዎቹ ለዚህ ሁሉ ልጅ የሚበቃ አባት ከየት እንዳመጡ የጠየቀ የለም። የሰፈራችን ቦቢም የዚሁ ዲፕሎማት ቤተሰብ ተወላጅ ነው። አንድ ጆሮው እንደ ጀርመን ሸፐርድ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ሌላው ወድቆ በእናቱ ወገን ይመሰክራል።

ቦቢ ሁለት ዓመት ሲሞላው አመሉ ከፋ። በአካባቢው አንዲት ሴት ውሻ ወንድ የፈለገች እንደሆነ የቆርቆሮውን አጥር ዘሎ ይጠፋና ከቀናት በኋላ ጆሮው ተተልትሎ፣ እያነከሰ ይመለሳል። ቤት የዋለ ዕለት ደግሞ የበሩን ምሰሶ፣ የእንግዳ መኪና ጎማ፣ ከሁሉም በላይ የእመቤቱን የእትዬን የጥብስ ቅጠል ሲያጠጣ ይውላል። ነገሩን የሚያውቅ እንግዳ ጥብስ ሲቀርብለት ቅጠሏን በጣቱ ወደ ትሪው ዳር መግፋት ጀመረ። እትዬ ይህን ያዩ ቀን ነው “ይኮላሽ” ያሉት።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጉዳዩ የውሻ ጉዳይ መሆኑ ቀረ። የቦቢ ጌታ፣ ጋሼ፣ ቃሉን እንደሰሙ እግራቸውን አነባበሩ። ወሬው እንደተሰማ፣ ለቦይ ጠረጋ መዋጮ ሲጠራ በየጓዳው የሚደበቀው ወንድ ሁሉ ሳይጠራ መጣ። ባለሱቁ “ተፈጥሮን መከልከል ኃጢአት ነው” አለ። ጡረተኛው ሻምበል “ወንድነቱን የተነጠቀ ዘበኛ ቤት አይጠብቅም” ሲሉ ትእዛዝ በሚመስል ድምፅ ደመደሙ። የግቢው ዘበኛ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ፤ ቀጣዩ ተረኛ ማን እንደሆነ የሚያሰላ ይመስል ነበር። “ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓለሙን ይይ!” ያለም አልጠፋም። ይህ ሰው ቦቢ አጥር እየዘለለ የሚሄደው ለሱባዔ መስሎታል።

ሸንጎውን ለአፍታ ዝም ያሰኙት የሰፈራችን እማማ ብቻ ናቸው። “ወንጌልን ወደዚህች አገር ይዞ የመጣው ጃንደረባ አይደለም እንዴ? ምን ጎደለበት?” አሉ። ሻምበሉ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱና ክርክሩ ወዴት ሊወስዳቸው እንደሆነ ሲገባቸው መልሰው ገጠሙት።

በመጨረሻ ሐኪም ተጠራ። ደብረ ዘይት የተማረ፣ ቁጥብ ወጣት ነው። “ጋሼ፣ ማደንዘዣ ይወጋል፣ ይተኛል። ትንሽ ተቀዶ ሁለቱም ይወጣሉ፤ ይሰፋል። በዚያው ቀን ማታ ቤቱ ይገባል” አለ። ጋሼ “ይወጣሉ” የምትለዋ ላይ ሲደርስ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

ሐኪሙ ቀጠለ። መዞሩ፣ በየምሰሶው መሽናቱና ከወንድ ውሾች ጋር መቧጨቁ ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል። የቆለጥ ካንሰር የሚባል ነገር አይነካውም፤ ሲያረጅ የሚመጣው የፕሮስቴት ማበጥም ይቀርለታል። “ቤት መጠበቅ ግን የፍሬው ሥራ አይደለም። ሴት ውሾች ሌባ አያባርሩም?” ሲል ሻምበሉ ጣሪያ ጣሪያ አዩ። ውሻው የሚናከሰው ከፍርሃት ከሆነ ቀዶ ጥገናው አያድነውም፤ ሊብስበትም ይችላል። ቀለቡ ካልተቀነሰ ይወፍራል። ከተኮላሸ በኋላም ለጥቂት ሳምንታት ማስረገዝ ስለሚችል በር መዝጋት ያስፈልጋል።

ጋሼ ይህን ሁሉ የሰሙ አይመስሉም ነበር። “ጉዳትስ የለውም?” ብለው ጠየቁ። ሐኪሙ ታማኝ ሰው ነውና ያለውን ተናገረ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በጀርመን ሸፐርድ ላይ በወጣ ጥናት፣ ካልተኮላሹት ወንዶች የመገጣጠሚያ በሽታ የተገኘባቸው 7 በመቶ ሲሆኑ፣ ዓመት ሳይሞላቸው ከተኮላሹት ግን 21 በመቶ ናቸው። ስለዚህ ትልልቅ ውሾችን ሰውነታቸው እስኪጠና መጠበቅ ይመከራል። ቦቢ ግን ሁለት ዓመት አልፎታል። ይህቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ጋሼ አልያዟትም። ከዚያን ቀን ወዲህ በሰፈሩ የሚዞረው “21 በመቶ!” ብቻ ነው። ባለሱቁ ስኳር እየመዘነ ሳይቀር ይጠቅሰዋል።

ስለ ባለሱቁ ካነሳን አይቀር፣ ተፈጥሮን መከልከል ኃጢአት ነው ላለው ለዚህ ሰው ባለፈው ዓመት የሱቁ ጠባቂ ውሻ ወልዳለት ነበር። ቡችሎቹ ዓይናቸውን እንኳ ሳይገልጡ በብስኩት ካርቶን ተደርገው፣ አመሻሽ ላይ ድልድዩ ሥር ተቀመጡ። “ጣልኳቸው” አላለም፤ “ለእግዜር ሰጠኋቸው” ነው ያለው። እግዜር የሰጠውን መልሶ ለእግዜር መስጠት ጽድቅ ሲሆን፣ አስቀድሞ እንዳይሰጥ መለመን ግን ኃጢአት ሆነ። ከእንዲህ ዓይነቱ ካርቶን የተረፈው ቡችላ አድጎ በየመንገዱ ሲባዝን ደግሞ ያው ሰው “ማዘጋጃ ቤት ምን ይሠራል? መርዝ አይበትንም እንዴ?” ይላል።

በዚያ ሁሉ ጉባኤ መሐል “ለመሆኑ ቦቢ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ተከትቧል?” ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ሐኪሙ ጠየቀ። ጋሼ ወደ እትዬ፣ እትዬ ወደ ዘበኛው፣ ዘበኛው ወደ ቦቢ አዩ። በዓለም ላይ ሰው ከሚያዝባቸው የእብድ ውሻ በሽታ አጋጣሚዎች 99 በመቶ ያህሉ ከውሻ የሚመጡ ናቸው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ይህ 99 ግን እንደ 21ዱ አልተወራም።

ነገሩ የእኛ ብቻ መስሎ እንዳይታይ፣ አሜሪካ ሚዙሪ ውስጥ ግሬግ ሚለር የሚባል ሰው ውሻውን ባክን ካስኮላሸ በኋላ አንጀቱ አልችል ብሎት ሰው ሠራሽ ቆለጥ ፈለሰፈ። ኒውቲክልስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1995 ለመጀመሪያ ጊዜ ውሻ ላይ ተተከለ። በሦስት መጠንና በሦስት የጥንካሬ ደረጃ ይቀርብ ነበር። ሰውየው መጀመሪያ የሚያስቅ፣ ቀጥሎ የሚያሳስብ ሥራ የሚከበርበትን የኢግ ኖቤል የሕክምና ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2005 ወስዶበታል። ውሻ መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን እንደማይመረምር እናውቃለን፤ እንግዲህ ገበያው የማን እንደሆነ ገምቱ። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ከሸንጎው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፊት ዘንበል አሉ። “እኛ አገር ይገባል? ቀረጡስ?”

እንደ እኔ ከሆነ ግቢው ተዘግቶ በሥርዓት የሚውል ውሻ ሳይኮላሽ ቢቆይም ግድ የለም። አጥር እየዘለለ በየመንደሩ ልጅ ለሚዘራ ግን ሐኪሙ ዘንድ መሄድ ይሻላል። ግን ማን ጠየቀኝ? ጉዳዩ እንደ አገሩ ወግ “ከፋሲካ በኋላ” ተባለና ተዘጋ። እትዬ የጥብስ ቅጠላቸውን ወደ ሰገነት አወጡ።

በስቅለት ማግስት ከጋሼ ጋር ሾላ ገበያ ሄድን። ጋሼ ፍየል አዋቂ ናቸው። አንዱን ወገቡን ጨበጡት፣ ጥርሱን አዩት፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው እጃቸውን በኋላ እግሮቹ መሐል ሰደዱ። ፊታቸው ተለወጠ።

“ሙክት ነው አላልከኝም?” ብለው ነጋዴው ላይ ጮኹ። “አንዱ እንዳለ ነው እኮ! ምነው ሰው በልጅነቱ በደንብ ቢያስኮላሸው? ይኼ ሥጋው ይከረፋል!”

ነጋዴው ይቅርታ ጠይቆ ሌላ አቀረበ። ዳበሱት፤ አንገታቸውን በእርካታ ነቀነቁ፤ የተጠየቁትንም ጭማሪ ሳይከራከሩ ቆጥረው ሰጡ።