ከሦስተኛ ፎቅ ለሚለቀቅ እንቁላል የሚደረግ ዝግጅት

እንቁላሉን ከመግዛታችሁ በፊት ፎቁን ለኩ። ልጃችሁ «ኤግ ድሮፕ» የሚሉት የፊዚክስ ፕሮጀክት ተሰጥቶታል እንበል፤ ጥሬ እንቁላል ከትምህርት ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ሲለቀቅ ሳይሰበር የሚያወርድ ዕቃ ሠርተህ አምጣ ተብሏል። ተራ ወላጅ ይህን ሲሰማ ስፖንጅ ፍለጋ ይወጣል። ቁም ነገረኛው ወላጅ ግን ጠዋት ልጁን ሲያደርስ የሕንፃውን ደረጃዎች አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ጎንበስ ብሎም የአንዱን ከፍታ በማስመሪያ ይለካና ያባዛል። ጥበቃው ምን እየሠራችሁ እንደሆነ ከጠየቃችሁ እውነቱን ንገሩት። አያምናችሁም፤ ግን ያሳልፋችኋል።

ልኬቱ 9 ሜትር መጣ እንበል። አየሩ ባያግደው ከ9 ሜትር የተለቀቀ ዕቃ አንድ ሰከንድ ተኩል ሳይሞላ መሬት ይደርሳል፤ ሲደርስም በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ነው። ይህ መንገድ የተለቀቀለት ሚኒባስ ፍጥነት ነው፤ ልዩነቱ ሚኒባሱ ፍሬን አለው መባሉ ነው። እንግዲህ የእናንተ ሥራ ለእንቁላሉ ፍሬን መግጠም ነው። ስለ እንቁላል የሚተረተውን ተረት ሁላችሁም ስለምታውቁት እዚህ አልደግመውም፤ ተራቹም ቢሆን በእግሩ እንዲሄድ እንጂ ከፎቅ እንዲለቀቅ አላሰበም።

ሒሳቡ አጭር ነው። የወደቀበትን ከፍታ፣ እንቁላሉ መሬት ከነካ በኋላ እስኪቆም በሚሄዳት ርቀት አካፍሉት። የምታገኙት ቁጥር እንቁላሉ ላይ የክብደቱ ስንት እጥፍ የሆነ ኃይል እንደሚያርፍበት በግምት ይነግራችኋል። ባለ 60 ግራሙ እንቁላል አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ሄዶ ከቆመ 900 እጥፍ ነው፤ 54 ኪሎ ተጫነው ማለት ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ሄዶ ከቆመ ግን 90 እጥፍ፣ 5.4 ኪሎ። ቅርፊቱ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። 54 ኪሎ እንዲችል አትጠብቁ፤ 5.4 ኪሎ ግን በአንድ ነጥብ ሳይሆን በገላው ሁሉ ተበትኖ ከመጣ ይችላል።

አባቶች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። አባት የሆነ ሰው «አይሰበርም» ሲባል ጠንካራ ነገር ይታየዋል፤ ጣውላ ይቆርጣል፣ ቆርቆሮ ያጥፋል፣ በመጨረሻም ጥቅል ሙሉ ፕላስተር ዙሪያውን ይጠመጥማል። ሣጥኑ ወድቆ ጭረት ሳያገኘው ይነሣል፤ ሲከፈት ውስጡ ለኦሜሌት ተዘጋጅቷል። ሣጥኑ ስላልተጨፈለቀ እንቁላሉ የሚቆምባት ርቀት አልነበረችማ! መጨፍለቅ ያለበት ዕቃው ነው። ወድቆ ሲነሣ ያላሳፈራችሁን ዕቃ አትመኑት።

ስለዚህ ምን እንሙላበት? አያቶቻችን ይህን ፈተና ያለ መምህር አልፈውታል። የገጠር እንቁላል በቅርጫት፣ ጭድ ውስጥ ተቀብሮ ስንት ወጣ ገባ መንገድ ተሻግሮ ገበያ ይደርሳል። ጭድ ቀላል ነው፤ ሲጫኑት ቀስ እያለ ይጠቀጠቃል፤ እንቁላሉንም ከየአቅጣጫው ደግፎ ይይዛል። እንቁላል በጤፍ ውስጥ ቀብሮ ማቆየትም የነበረ ልማድ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አልመክረውም። ጤፍ አንዴ ከተጠቀጠቀ አይሰምጥም፤ ሣጥኑንም ያከብደዋል። ዋጋውንም የምታውቁት ነው፤ ሁለት ኪሎ ጤፍ ከሦስተኛ ፎቅ ሲወርድ ያየች እናት ስለ እንቁላሉ ደኅንነት ለመጠየቅ ጊዜ አይኖራትም። ፈንድሻ ከጭድ አያንስም፤ ቀላል ነው፣ ሲጨፈለቅም ኃይሉን ይውጣል። ጉድለቱ አንድ ነው፦ ማታ የሞላችሁት ሣጥን ጠዋት ግማሽ ሆኖ ይገኛል፤ በላሁ የሚል ልጅም አይገኝም።

የእንቁላሉ ምርጫ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የፈረንጅ እንቁላል ከ55 እስከ 60 ግራም ይመዝናል፤ የሀበሻው 40 ግራም አካባቢ ነው። የቀለለው ሲወድቅ ይዞት የሚመጣው ጉልበትም ያንሳል፤ መምህሩ ዓይነቱን ካልወሰነ የሀበሻውን ያዙ። ሱቅ ውስጥ አንድ በአንድ እያነሣችሁ ወደ ብርሃን አዙሩ፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለች ብርሃኑ ያጋልጣታል። ከዚያ ሁለቱን በቀስታ አጋጩ፤ ደኅነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተሰነጠቀው ይደነቁራል። ባለሱቁ ቢነጫነጭ ለሳይንስ ነው በሉት።

አቀማመጡ ላይ ክርክር አለ። ሰው ሁሉ፣ የፊዚክስ መምህራንን ጨምሮ፣ እንቁላል በጫፉ ሲቆም ይበረታል ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 የኤም.አይ.ቲ. ተመራማሪዎች 180 ያህል እንቁላሎች ጥለው ውጤቱን አሳተሙ፤ ከ8 ሚሊ ሜትር ከፍታ በጫፋቸው ከወደቁት ከግማሽ በላይ ሲሰነጠቁ፣ በጎናቸው ከወደቁት ከአሥር አንድ እንኳ አልሞላም። ወገቡ ጥቂት እሺ ይላል፤ ጫፉ ግን ግትር ነው። አስተኙት።

ፓራሹት ከተፈቀደ ግማሹ ሥራ አለቀ። ናሳ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1997 ማርስ ፓዝፋይንደርን ማርስ ላይ ሲያሳርፍ ፓራሹት፣ ሮኬትና ኤርባግ ሦስቱንም አከታትሎ ነው የተጠቀመው፤ ዕቃውም ከ15 ጊዜ በላይ ነጥሮ ነው የቆመው። ሮኬቱን መምህሩ አይፈቅድላችሁም፤ ኤርባጉ በፊኛ ይተካል፤ ለፓራሹቱ ደግሞ ፌስታል አለ። ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ መውጣቱን አውቃለሁ፤ ከወጥ ቤት በር ጀርባ ተጠቅጥቆ የተንጠለጠለው ፌስታል ግን አዋጁን ገና አልሰማም። ትልቁን መርጣችሁ በሰፊው ዘርጉት፣ ስምንት ቦታ ሲባጎ እሰሩበት፣ መሐል አናቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተዉ፤ ቀዳዳው ከሌለ አየሩ በየጎኑ እያመለጠ ያወዛውዘዋል። አዲስ አበባ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ስፋቱን ጨምሩ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አየሯ ከጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ጂቡቲ ያለ ተማሪ በአነስተኛ ፌስታል የሚያወርደውን እንቁላል የኛ ልጅ ተለቅ ባለው ነው የሚያወርደው። በዚህ ለትምህርት ቤቱ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ ሰሚ ማግኘት ግን ሌላ ነው።

ሙከራውን ከኮንዶሚኒየም በረንዳ ስታደርጉ እንቁላሉን በትንሽ ላስቲክ ቋጥሩት፤ የተሰበረው ለቁርስ ይሆናል፣ ሁዳዴ ከሆነም ለማይጾም ጎረቤት። ታች የተሰጣ ነጠላ መኖሩን አይታችሁ ልቀቁ።

እስካሁን ለልጁ አንድም ሥራ አልሰጠሁም፤ እናንተም ልብ አላላችሁም። እውነተኛው አደጋ ያለው እዚህ ነው። እንቁላሉ ሳይሰበር ካረፈ በኋላ መምህሩ «ለምን አልተሰበረም?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከሥራው ሁሉ ርቆ ስልኩን ሲነካካ የነበረ ልጅም በመላው ክፍል ፊት «አባዬ ያውቃል» ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ ቢያንስ መቀሱን እሱ ይያዝ። ርቀቱ ሲረዝም ኃይሉ እንደሚቀንስ በራሱ ቋንቋ እስኪያስረዳችሁ ድረስም ፕላስተሩን አትስጡት። ፎቅ ላይ ሲወጣ እንዲለቀው እንጂ እንዳይወረውረው አጥብቃችሁ ንገሩት፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጓደኞቹ እያዩት ዕቃ በእርጋታ ለቅቆ አያውቅም።

የቀረው የግዢው ጉዳይ ነው። ሰኞ የሚቀርብ ፕሮጀክት ለወላጅ የሚነገረው እሑድ ማታ ነው፤ በዚያ ሰዓት ስፖንጅ የሚሸጥ ሱቅ የለም፣ ጭድም ከተማ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም። ደብተሩን ዛሬውኑ ከፍታችሁ እዩ።