ባትሪ ቶሎ እንዲያልቅ ምን ይደረግ?

ሊኑክስ የጫኑበት ላፕቶፕ ባትሪው ቶሎ እንዲያልቅ ከፈለጉ፣ የማይጠቀሙበትን ዕቃ ለማጥፋት ድራይቨሩን ያስወግዱ። ሁለት ግራፊክስ ካርድ ካለው፣ የኃይለኛውን ካርድ ድራይቨር እንዳይጫን ያግዱና ማሽኑን እንደገና ያስነሱ። ካርዱ ሥራ ያቆማል፤ ኤሌክትሪክ መጠጣቱን ግን አይተውም።

እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ከአንድ ጽሑፍ በቀር ምንም ያልተከፈተበት ላፕቶፕ ጭኔን ያቃጥለኝ ነበር፤ ማራገቢያው አንዴ ከተነሳ አያርፍም። ብዙ ቆይቶ ነው የገባኝ፦ ካርዱን የሚያስተኛው ያው ያባረርኩት ድራይቨር ነው። እሱ ከሌለ ካርዱን «በቃ፣ ተኛ» የሚለው የለም፤ እንደነቃ ይውላል፣ እንደነቃ ያድራል። «ኑቮ» የተባለውን ድራይቨር መልሼ ማሽኑን ሳስነሳ፣ ካርዱ ጥቂት ሰከንድ ሥራ ፈትቶ ቆየና ተኛ። «ሲስ» በሚባለው ማውጫ ሥር የካርዱን የኃይል ሁኔታ የሚይዘውን ፋይል ስከፍት «ሰስፔንድድ» ይላል። ማራገቢያው ዝም አለ። መብራት በጠፋ ቁጥር በዚያች ባትሪ ለምሠራ ሰው ትልቅ እፎይታ ነበር።

ብሉቱዝንም፣ የጆሮ ማዳመጫውን ስላጠፉ ብቻ እንደጠፋ ይቁጠሩት። በ«አርኤፍኪል» ትእዛዝ ካልታገደ ሬዲዮው ክፍት ነው።

ይህ ካልበቃ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያስተኙ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው «ፓወርቶፕ» ግሩም መሣሪያ ነው፤ የትኛው ዕቃ ኃይል መቆጠብ እንደሚችልና እንዳልተፈቀደለት አንድ በአንድ ያሳያል። እርስዎ ግን ዝርዝሩን ሳያነቡ ሁሉንም እንዲያስተካክል ይዘዙት። የዩኤስቢ ማውስዎ ለሁለት ሰከንድ ያህል ካልተነካ ይተኛል፤ ቢገፉት ቢጎትቱት ቀስቱ ንቅንቅ አይልም፣ ቁልፉን ሲጫኑት ነው የሚነቃው። መፍትሔው የማውሱን የኃይል ፋይል ብቻ ከ«ኦቶ» ወደ «ኦን» መመለስ ነበር። በንዴት ሁሉንም ወደነበረበት የሚመልስ ሰው ግን ካሜራውንም የጣት አሻራ አንባቢውንም አብሮ ይቀሰቅሳል።

ከሁሉ በላይ፣ አይለኩ። ከለኩም ቻርጀሩ እንደተሰካ ይሁን፤ ያኔ የሚያዩት ቁጥር የላፕቶፑን ፍጆታ አይነግርዎትም። በብዙ ላፕቶፖች፣ በዚያው «ሲስ» ማውጫ ሥር ያለው የባትሪው ፋይል ኃይሉን የሚያሳየው በማይክሮዋት ነው፦ 9500000 ካለ 9.5 ዋት ማለት ነው። እውነቱን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ቻርጀሩን ይነቅላል፣ የስክሪኑን ብርሃን አይነካም፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይጽፋል። ከዚያ አንድ ዕቃ፣ አንድ ብቻ፣ አስተኝቶ እንደገና ያነባል።